ሰንበትን የማያከብር ጥርስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ክሊኒኩ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፣ አበባ ተሰጠኝ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅም አጭር ንግግር አደረገ። በንግግሩ መሐል ደስ እንዲለኝ ብሎ አንድ ዜና ነገረኝ። ከእንግዲህ ዓርብ ከሰዓት ክሊኒኩ ሲዘጋ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ሕመምተኛው ቁጥር ይጫናል፣ መልእክት ይተዋል፣ እሑድ ጠዋት ይደወልለታል። «ኤቲ፣ እንግዲህ ሻባትሽን፣ ሰንበትሽን፣ በሰላም ትተኛለሽ» አለኝ። አመሰገንኩት። ኬኩም አይከፋም ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ገና ቁርስ ሳልቀምስ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ።

የዚያን ቅዳሜ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር።

እታገኝ እባላለሁ። «ኤቲ» ያሉኝ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ናቸው፣ ሙሉ ስሜን መጥራት ስላታከታቸው። የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበርኩ፤ በዕብራይስጡ ሰያዓት ይሉታል። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁት እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ ነው። ቤቴ ከዚያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት መጥቶ የክሊኒኩን በር ተቆልፎ ያገኘ ያገሬ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። ጥርስ ደግሞ ሰንበትን አያከብርም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ይከርምና፣ ልክ ሐኪሙ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ዋናውን ሥራ ይጀምራል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጥርስ ነቅዬም መርፌ ወግቼም አላውቅም። የታመመ ሰው አይቼ የቱ እንደሚያጣድፍ፣ የቱ ደግሞ በትዕግሥት እንደሚታለፍ መለየት ግን እችላለሁ፤ በዚህ ነገር ከኔ የሚበልጥ ረዳት በከተማው አለ ቢሉኝ አላምንም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽም ለመኩራራት ነው። ግን ይህን ዕውቀት ያገኘሁት በነፃ አይደለም፤ እኔ ስማር አንድ ትልቅ ሰው ድምፃቸውን አጥተዋል።

ክሊኒኩ የገባሁት ወለል ለመወልወል ነው። ከጎንደር ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ሁለት ልጆች ይዤ ጠዋት አንድ ፋብሪካ፣ ከሰዓት ክሊኒኩን አጸዳ ነበር። እዚያ የምትሠራው ዶክተር ዞያ ከታሽከንት የመጣች፣ አጭር፣ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል ሴት ናት። ዕብራይስጧ ከኔ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ገና ከመጀመሪያው የተግባባነው። አንድ ቀን ረዳቷ ቀረችባት። ዕቃ የሚቀርብበትን ሳህን ስታይ መስታወቱም፣ መመርመሪያውም፣ ጥጡም እሷ በምታነሳበት ተራ ተደርድሯል።

«ማን ነው የደረደረው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። በየቀኑ ሳጥባቸው የቱ በብዛት እንደሚቆሽሽ አያለሁ።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፣ መልሳ አደረገችው፣ «መጥረጊያውን አስቀምጪና እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። በማግሥቱ የማታ ኮርስ አስመዘገበችኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ነጩ ካፖርት ግን ልኬ ነበር።

ዞያን «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ንቄ አይደለም። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። ያለ አንቱታ አለቃን ማናገር መጀመሪያ አፌን ይይዘኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሳይሰብሩ መናገርን ግን ቶሎ አልለመድኩም፤ ይኸው ነው ኋላ ጉድ የሠራኝ።

የዞያ ልማዶች ብዙ ናቸው። በክረምትም በሐሩርም እጇን የምትታጠበው በሙቅ ውሃ ነው፤ «የታመመ ሰው ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው መንጋጭላውን ይቆልፋል» ትላለች። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛን «ያምሃል ወይ?» ብላ አትጀምርም። ለሕመም አንዱ ደፋር ነው፣ አንዱ ፈሪ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው። እሷ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ትሰጥና ሲውጥ ጉሮሮውን ታያለች። ቀጥላ የራሱን ሦስት ጣቶች አንዱን በሌላው ላይ ደርድሮ በጥርሶቹ መሐል እንዲያስገባ ታደርጋለች። ሦስቱም ከገቡ ጥሩ። ሁለት ብቻ ከገቡ ትጠነቀቃለች። አንድ ብቻ ከገባ መግሉ ወደ ውስጥ እየሄደ ነውና ስልክ ታነሳለች። ከዚያ ከአገጭ ሥር በሁለት ጣት ትዳስሳለች፦ ለስላሳ ነው ወይስ ደንድኗል? ምላስ ከፍ ብሏል? ምራቅ ይፈሳል? ድምፁ የወትሮው ነው?

ያገሬን ሰው ማከም ስትጀምር ግራ የገባት አንድ ነገር ነበር። «የእናንተ ሰው» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ጉንጩ እንደ ብርቱካን አብጦ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንዴት ነህ ስለው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ደህና ከሆነ ለምን መጣ?»

«ሰላምታ እኮ ነው» አልኳት። «ሞት አፋፍ ላይ ያለም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በሰደር፣ እሺ። እንግዲያው እኛ እንዴት ነህ አንልም። ውሃ እንሰጣለን።»

እሑድ ጠዋት ደግሞ ጓንት ሳታጠልቅ በፊት ከፊቴ ትቀመጥና «ከዓርብ ወዲህ ማን መጣብሽ?» ትለኛለች። እኔ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ፤ እሷ በቀጠሮ ካርድ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ያጠፋሁትን ትነግረኛለች፣ ያበጀሁትን ዝም ብላ ታልፈዋለች። ዝም ያለችባቸው እሑዶች እየበዙ ሄዱ፤ ያ ለኔ ከሽልማት ይበልጥ ነበር።

ስንቱን አይቻለሁ። አንድ ሙሽራ ዓርብ ቀትር ላይ ለውዝ ሲቆረጥም የፊት ጥርሱ ሽፋን ወለቀበት፤ ሠርጉ እሑድ ነው። ወደኔ ከመምጣት ይልቅ በጫማ ማጣበቂያ ለጠፈው፣ ያውም አጣሞ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ደርቆ ነበር። ሽፋን ሲወልቅ አጥቦ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የሰው ሠራሽ ጥርስ መያዣ ቅባት ትንሽ ቀብቶ፣ በቦታው መልሶ፣ በዚያ በኩል ሳያኝኩ መሰንበት ይቻል ነበር። ልጁ በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ አፉን ገጥሞ ነው የሚታየው። እናቱ «ጨዋነቱ ነው» እያለች ታሳያለች።

ነጭ ሽንኩርት ድዱ ላይ አሳድሮ ሥጋውን አቃጥሎ የመጣ አለ። አስፕሪን ከመዋጥ ይልቅ ጥርሱ ሥር ሸጉጦ እንዲሁ የተቃጠለ አለ። ጥርስ ተነቅሎለት ደሙ አልቆም ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፤ በየደቂቃው ይተፋል፣ በየደቂቃው መስታወት ያያል። ንጹሕ ፋሻ ጠቅልለህ ቁስሉ ላይ አድርገህ ግማሽ ሰዓት አጥብቀህ ንከስ፣ አትትፋ፣ አትይ፣ አትናገር እለዋለሁ። ለአንዳንዱ አለመናገሩ ከሕመሙ ይብስበታል።

ደስ የሚለኝ የኔቬ ኦዝ ሰፈሯ ወታደር ናት። ለሻባት ቤቷ መጥታ በኤሌክትሪክ ስኩተር ስትሄድ ወደቀችና የፊት ጥርሷ ከነሥሩ ወጣ። እናትየው ጥርሱን አንስታ አፈሩን አይታ በጨውና በሎሚ ልትፈትገው ስትል ደረስኩ። እጇን ያዝኳት። ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሥጋ ሕይወት ነው፤ ከተፈተገ ጥርሱ መልሶ አይይዝም። በነጩ ጫፍ ብቻ ይዤ፣ በትንሽ ወተት ለቅለቅ አድርጌ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ራሷ ወደ ጉድጓዱ መለሰችው፣ ጨርቅ ነከሰች፣ በቀጥታ ወደ ተረኛ ሐኪም ሄዱ። ወደ ቦታው መመለስ ባይቻል ኖሮ ወተት ውስጥ ተነክሮ ነበር የሚሄድ። ጥርሷ ይኸው ዛሬም አለ። መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ከንፈሯን ገልባ ታሳየኛለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ቄስ ተገኘን ከኛ ከቤተ እስራኤል ሰው የማያውቃቸው የለም። ጎንደር ሳሉም ቄስ ነበሩ። ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ላይ ከቄሶቹ ጋር ቆመው ሲጸልዩ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርስ ነበር። እናቴ ልትሞት ስትል ሐኪም አልጠየቀችኝም፤ «ቄስ ተገኘ መጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡልኝ» ነው ያለችኝ። መጥተው አነበቡላት። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዛሬ ዐሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ ሙቀቱ በበረታበት አንድ ሰንበት፣ ባለቤታቸው ከክፋር አቭራሃም ሰፈር እኔ ቤት ድረስ በእግራቸው መጡ። በሰንበት ስልክ አይነኩም። «እታገኝ ልጄ፣ ቄሱ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጥርስ ነው ይላሉ። እስቲ ነይና እዪልኝ» አሉ። አብሬያቸው ሄድኩ።

ቄስ ተገኘ በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎች ከጸሎት መልስ ሊጠይቋቸው መጥተው ቤቱ ሞልቷል። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩና ጎንበስ ብዬ «እንዴት ዋሉ አባቴ? እንዴት ነዎት?» አልኩ። ዞያ የከለከለችኝን ጥያቄ።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ድምፃቸው ትኩስ ጉርሻ አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ በየጊዜው ከንፈራቸውን ይጠርጋሉ፤ የሚጠርጉት ምራቅ ነው፣ መዋጥ ስላቃታቸው። ጋቢው ከአገጫቸው ፈቀቅ ሲል ሥሩ ሞልቶ ቀልቷል። ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ይህን ሁሉ አየሁ። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ አምቡላንስ ጥሩ እል ነበር። እዚህ ግን እጄን አጣምሬ ቆምኩ። የቄስን አፍ፣ ያውም በሰው ፊት፣ እኔ የልጃቸው እኩያ ሴት ክፈቱ ልል? ከአገጫቸው ሥር ልዳስስ? ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር ማን ያውቃል ቢባል እሳቸው አይደሉም? አደጋ ቢሆን ራሳቸው አይናገሩም? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ደረደርኩ።

«ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርገው ይጉመጥመጡ። ሰንበት ሲወጣ እንሄዳለን» አልኩ። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰንበት እስኪወጣ አልቆየም። ገና ፀሐይ ሳለች ትንፋሻቸው ማፏጨት ጀመረ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ራሳቸውን ሳቱ። ጎረቤት አምቡላንስ ጠራ። ሆስፒታል ሲደርሱ እብጠቱ የአየር ቧንቧቸውን ዘግቶት ስለነበር ጉሮሯቸውን ከፊት ቀደው ቱቦ አስገቡላቸው። ሦስት ሳምንት ተኙ። ተረፉ። ቱቦው ሲወጣ ግን ያ ድምፅ አብሮ ሄደ። የቀረው ሹክሹክታ የመሰለ ጎርናና ነገር ነው፤ እጎናቸው የተቀመጠ ካልሆነ አይሰማውም።

እሑድ ጠዋት ዞያ ካርዷን ይዛ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ለምን ውሃ አልሰጠሽም?» አለች።

«ቄስ ናቸው።»

«እሺ፣ ቄስ ናቸው። ጉሮሮ አላቸው?»

ካርዷን ሳትጽፍበት ኪሷ ከተተችው። «አላውቅም ነበር ብትዪኝ አስተምርሽ ነበር» አለች። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።» ይህን ብላ ሙቅ ውሃውን ከፍታ እጇን መታጠብ ጀመረች፣ እኔም የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ጠራሁ። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አይቼ ዝም ማለቴን እናገራለሁ ብዬ ነው የገባሁት። እሳቸው በቱቦ ስለነበሩ መናገር አይችሉም፤ እጃቸውን አንስተው ባረኩኝ። እኔም ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባየኋቸው ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ሳልነግራቸው እመለሳለሁ።

በሥራዬ ግን ተለወጥኩ። ከዚያ ሰንበት ወዲህ ሽማግሌም ይሁን ባለሥልጣን፣ አፉን ሳላይ የተውኩት ሰው የለም። ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት «ውሃ አምጡልኝ» እላለሁ። ቅር የሚለው ይለዋል። «ምነው ይቺ ሴት አክብሮት ጠፋባት» ያሉኝም አሉ። ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ። በዚህ መንገድ አራት ሰው በሰዓቱ ሆስፒታል አድርሻለሁ፤ አራቱም በራሳቸው ድምፅ ያሙኛል።

አንድ ነገር ብቻ ከእጄ ወጣ። ሰዉ የቄስ ተገኘን ነገር በሌላ መልክ ማውራት ጀመረ። «ሞት አፋፍ ላይ ሆነው በሰንበት መኪና አልነካም አሉ፤ እግዚአብሔርም ሰንበቱን ስላከበሩለት ነፍሳቸውን መለሰላቸው» ተባለ። ጸሎት ቤት ተወራ፣ ለቅሶ ቤት ተወራ። እሳቸው አስተባብለው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቢያስተባብሉም በዚያ ድምፅ ማን ይሰማቸዋል? እኔ ደግሞ እውነቱን ብናገር የኔም ጥፋት ይወጣል። ዝም አልኩ። ዞያ ጡረታ ወጥታ ልጇ ዘንድ ወደ ሰሜን ሄደች፣ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ለወጠ፣ እኔም ኬኬን በላሁ፤ ወሬው ግን እያማረበት ሄደ።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ።

በሬን ያንኳኳችው ሺራ ናት፣ የእማማ ጥሩወርቅ የልጅ ልጅ። ነርስነት ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም። «ኤቲ፣ ሳፍታዬ እዚህ ጋር አብጣለች» አለች አገጯን እያሳየች። «መኪና ከታች አለ፣ ሚዩን እንሂድ ስላት እምቢ አለች። አያቴን አንቺ ንገሪያት። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እባክሽ።» ሚዩን የምትለው የሆስፒታሉን የድንገተኛ ክፍል ነው።

እማማ ጥሩወርቅ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክፋር አቭራሃም ነው የሚኖሩት። ገብቼ ውሃ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ ታግለው ዋጡት፣ ጥቂቱ ተመለሰ። ጣትዎን ያስገቡ አልኳቸው፤ ሁለተኛው አልገባም። ከአገጫቸው ሥር ስዳስስ ደንድኗል። ምላሳቸው ገና ከፍ አላለም፣ ትንፋሻቸው ጥሩ ነው። ትንፋሻቸው የተለወጠ ቢሆን መኪናም አላምን፣ አምቡላንስ ነበር የምጠራ። እንደዚያ ለመሆን ግን ስንት ሰዓት እንደቀራቸው ማንም አያውቅም።

«እማማ፣ አሁኑኑ ነው የምንሄደው» አልኩ።

«ሰንበት ሲወጣ እሄዳለሁ።»

«ሰንበት እስኪወጣ እብጠቱ ጉሮሮዎን ይዘጋዋል። ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል፣ ያውቁታል።»

«ቄስ ተገኘ ከኔ የባሰ አልነበሩም?» አሉ፣ በተያያዘ አፍ። «መኪና አልነኩም። እግዚአብሔር አተረፋቸው። እኔንስ ለምን ይተወኛል?»

የልጅ ልጃቸው አየችኝ። የዐሥር ዓመት ዝምታዬ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። ተሟገትኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ጭራሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቄስ ተገኘ የሚኖሩት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መጽሐፋቸውን ይዘው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ማን እንደታመሙ፣ ምን እንዳሉኝ ነገርኳቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«መዋጥ አቅቷታል?»

«ጀምሯል።»

መጽሐፉን ዘግተው ጫማቸውን ፈለጉ።

እማማ ጥሩወርቅ ቄሱን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ። እሳቸው አጠገባቸው ተቀመጡና ጆሯቸው ድረስ ጎንበስ አሉ፤ ቤቱ ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማን።

«ጥሩወርቅ፣ እኔ ያን ቀን ሰንበትን አላከበርኩም። አፍሬ ነው። ጥርሴ የረገፈ፣ አፌ የሸተተ ሽማግሌ ነበርኩ፤ በሰው ፊት መክፈት አሳፈረኝ። መኪና አልነካም ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። መኪና ላይ ውጡ ያለኝም የለም።»

«ቄስ፣ ሰዉ ግን...» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ሰዉ ያላየውን ነው የሚያወራው። እግዚአብሔር ነፍሴን መለሰልኝ፣ እውነት ነው። ሰንበትን ሳልሽር ብሞት ግን ደስ አይለውም ነበር። ተነሽ። ብቻሽን አትሄጂም፤ እኔም እወጣለሁ።»

ቄስ ተገኘ በዕድሜያቸው በሰንበት መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም፤ አምቡላንሱን ካልቆጠርን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ራሳቸውን አያውቁም ነበር። ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ እማማ ጥሩወርቅን ቀና አድርጌ ያዝኩ፤ እንደዚያ ያበጠ ሰው አይጋደምም። መንገዱ በጸሎት ቤቱ በር ያልፋል፣ ሰዎች ጥላ ሥር ቆመዋል። ቄሱ በእጃቸው መስኮቱን ጠቆሙ።

«ዝቅ አድርጊልኝ» አሏት ሺራን። «ይዩኝ።»

አዩዋቸው። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፣ ሌላው አፉን ያዘ። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አድርገው አለፉ።

ሆስፒታል በደረስን በአንድ ሰዓት ውስጥ እማማ ጥሩወርቅን ይዘው ገቡ። ወጣቷ ሐኪም ቆይታ መጥታ መግሉን እንዳፈሰሱት፣ ያ የታመመ የመንጋጋ ጥርስ እንደተነቀለ፣ ቱቦ እንዳላስፈለገ ነገረችን። «አሁን ማምጣታችሁ ደግ አደረጋችሁ» አለች። ሺራ አለቀሰች፣ ከዚያ እናቷ ዘንድ ሄዳ ልትነግር ተነሳች። ቄስ ተገኘ ግን ወደ ቤት በመኪና አልመለስም አሉ። ነፍስ ድናለች፣ አሁን ሰንበት ሰንበት ነው። ኮሪደሩ ላይ ካለው መስኮት ሥር ተቀምጠው ሰንበት እስኪወጣ ሊጠብቁ ወሰኑ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ፣ ዐሥር ዓመት ያልወጣልኝ ነገር ወጣልኝ።

«አባቴ፣ ያን ቀን ምራቅዎን በጋቢዎ ሲጠርጉ አይቻለሁ። አገጭዎንም አይቻለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ስታዪኝ አይቼሻለሁ።»

ነርሶች በጎማ ጫማ ያልፋሉ። አንዲት ሕፃን ታለቅሳለች። እሳቸው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ በሰማሁት በዚያ የተረፈ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ክፈቱ ብትዪኝ እከፍት ነበር። አፍሬም ቢሆን እከፍት ነበር።»

አለቀስኩ። አላጽናኑኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ግራና ቀኝ አዩ፤ ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል። ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «ከታች በስተቀኝ አንድ አለ። ሳምንት ሆነኝ።»

ሄጄ እጄን ታጥቤ መጣሁ፣ ፊታቸው በርከክ አልኩ፤ ቄስ ተገኘም በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አፋቸውን ከፈቱልኝ። በደንብ አየሁ፣ ከአገጫቸው ሥርም ዳሰስኩ። የቆየ ሙሌት ነው የወለቀው፤ የሚያሰጋ ነገር የለውም።

«ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ይዤዎት እሄዳለሁ» አልኳቸው።